አጥር ያስፈገፈገ ካሜራ

በእኛ አገር እንዲያው በከንቱ መቆም ክልክል ነው። መቀመጥ ይቻላል፤ ድንጋይ ላይም ሆነ የሰው ደጅ ላይ ተቀምጣችሁ ብትውሉ «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል። መተኛትም ይቻላል፤ በተለይ ከምሳ በኋላ። ቆማችሁ ከተገኛችሁ ግን ምክንያታችሁን ማቅረብ አለባችሁ። ወይ ሰው እየጠበቃችሁ ነው፣ ወይ ሰብል እየጠበቃችሁ ነው፣ ወይ በሬ ጠፍቶባችኋል፣ ወይ ለቅሶ ላይ ናችሁ። ከእነዚህ ከአንዱም ሳትሆኑ ማሳ ዳር ቆማችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ስታተኩሩ ከተገኛችሁ፣ መጀመሪያ የሚያልፈው ሰው ሰላምታ ይሰጣችኋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደጠፋባችሁ ይጠይቃችኋል፤ ከእሱ ኋላ ያለው ምንም ሳይጠይቅ አጠገባችሁ ቆሞ እናንተ የምታዩትን ማየት ይጀምራል። ሌላ አንድ ሰው ከተጨመረ ስብሰባ ሆናችኋል። አጀንዳው አይታወቅም እንጂ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ይህን ሕግ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ፎቶ ማንሣት ስጀምር።

ምን ነካህ አትበሉኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጠጉሩ ሸበት ያለ የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራው ነገር ከጥንትም የታወቀ ነው። ይሸመግላል፤ ቀፎ ይሰቅላል፤ አለዚያም ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ የዛሬ ልጆች እንዴት እንደተበላሹ ያስረዳል። ሽምግልናውን ሞክሬው ነበር። አንዱን ወገን ስሰማ ልክ ይሆንብኛል፤ ሌላውን ስሰማም ልክ ይሆንብኛል፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ የያዘው ጠብ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ንቦቹንም ሞክሬያቸው ነበር፤ ማለቴ እነሱ ሞከሩኝ። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ፊቴ ከማበጡ የተነሣ ባልደረቦቼ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ተዋወቁኝ። ባለቤቴ በላይነሽ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት በየሰበቡ ስትጠቅስብኝ፣ የማንንም ትዳር ሳልነካ የምውልበት ነገር ፈለግሁ። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ይሉታል። ስሙ ረጅም ነው። ጠርታችሁት እስክትጨርሱ ትርፍ የነበረው ጊዜ አልቆ ታገኙታላችሁ።

ካሜራውን የገዛሁት ቡሬ ሲሆን፣ ሻጩ ሠርግ ሲያነሣ የኖረ ጎልማሳ ነው። እሱ በአየር ላይ የሚበረውን ዓይነት ገዝቶ ይህኛው ተርፎት ነበር። «ዛሬ ሙሽራ ከላይ ካልታየ ያገባ አይመስለውም» አለኝ። በካሜራው ላይ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ምራቂ ብሎ ጨመረልኝ። አንደኛው እግር ከመሐሉ ተሰብሮ በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ቢጫው ከሩቅ ይታያል፤ ይህን ያዙልኝ። በላይነሽ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ አስፋልት ዳር ልሄድ መሆኔን ስትሰማ «የጭነት መኪና ጨፍልቆህ ጎረቤት እንዳይስቅብኝ» ብላ፣ ሞተረኞች የሚለብሱትን ብርቱካንማ የሚያበራ ሰደርያ ገዛችልኝ። ይህንንም ያዙልኝ።

ትምህርቱን የቀሰምሁት ከስልኬ ነው። በቪዲዮ የሚያስተምር አንድ ጢማም መምህር አለ፤ የሚናገረውን ሁሉ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። «ዕቃውን አታንሡ፤ ብርሃኑን አንሡ» ይላል። ይህን ጥልቅ አባባል ለበላይነሽ ነገርኋት። «ብርሃኑን ካነሣኸው እኛ በምን ልናይ ነው?» አለችኝ። ሴትዮዋ ለጥበብ ልቧ ገና አልተከፈተም ብዬ ተውኋት።

የመጀመሪያ ሥራዎቼን እዚህ ባላነሣቸው እወድ ነበር፤ ግን እውነት መናገር ይሻላል። በአብዛኛው ሄደው ያለቁ ነገሮች ናቸው። የሄደ ባጃጅ፣ የሄደች ወፍ፣ የጋሪ ፈረስ ጅራት። ትዕግሥት ይጎድለኛል እንጂ ተሰጥዖስ አለኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁና፣ የማይሄድ ነገር ለማንሣት ወሰንሁ። አገር አይሄድም። አገሩን ላነሣ ወጣሁ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ መንደር አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ምክንያቱን ኋላ ታገኙታላችሁ። ጥቅምት እንደገባ ከሚኒባስ መስኮት አየሁት። ጤፉ ቢጫ ሊሆን ዳር ዳር ይላል፤ የተለቀመ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ ከአስፋልቱ የሚነሣ ቀጭን የእግር መንገድ በአጥሮች መካከል እየተሹለከለከ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ይወጣል። ጢማሙ መምህሬ «መንገድ ዓይንን ይመራል፤ መንገድ ያለበት ቦታ ፈልጉ» ብሎ ነበር። ወረድሁ ማለት ነው፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሜ።

መቆሚያውን መንገዱ አፍ ላይ ተከልሁት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ወደ ጉብታው አነጣጠርሁ። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። መምህሬ «የቦታው ስፋት እንዲታወቅ ከሩቅ ሰው አቁሙ» ይል ነበር። በጊዜው ሰው መጣ። አያ ታረቀኝ ይባላሉ፤ ጢማቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ድምፃቸው ከአካላቸው ቀድሞ የሚደርስ ገበሬ ናቸው። በዚያ ጧት ግን ባለ ሦስት እግሩን አዩ፣ ሰደርያዬን አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

«እንዴት አደሩ ጌታው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባቴ፣ ካላስቸገርሁዎት እዚያ መታጠፊያው ጋ ቆመው ዱላዎን ቀጥ አድርገው ይይዙልኛል?»

ሄደው ቆሙ። ዱላውን እንደ ሰንደቅ ዓላማ አቆሙት። «ትንሽ ወደ ግራ! … ትንሽ … በቃ! እዚያው ጋ ይሁኑ!» እላለሁ፤ እሳቸው እንደ ወታደር ይታዘዛሉ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው ካገባሁ ወዲህ አላጋጠመኝም። ችግሩ ከኋላቸው ያለው አጥር ነው። የአጋም እሾህ አጥር ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ የመጣውን መንገድ እዚያ ሲደርስ እንደ ጠገበ በሬ ሆድ ተነፍቶ ይዘጋዋል።

«ያ አጥር ባይኖር ምን ነበረበት!» ብዬ ተነፈስሁ።

«አጥሩ ምን አደረገ?» አሉ ከሩቅ።

«መንገዱ ውስጥ ገብቷል።»

አያ ታረቀኝ ዞረው አጥሩን አዩት፤ ዞረው እኔን አዩኝ። «ከዚያ ድረስ … ይታያል?»

«እንዴታ! በዚህ መሣሪያ ሁሉም ነገር ይታያል» አልሁ በኩራት። መሣሪያዬን ማመስገኔ ነበር።

በሌላ ቅዳሜ ቦታው እንዳይጠፋኝ ብዬ የመቆሚያው እግሮች ባረፉበት ነጣ ነጣ ያሉ ድንጋዮች ተክዬ ተመለስሁ። መምህሬ አንድን ቦታ ደጋግማችሁ አንሡ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም መምህሬን አልለቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ባይ ጥሩ ነው? አጥሩ የለም! ማለት አለ፤ ግን ወደ ጓሮው ፈግፍጎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እመኑኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የገጠሩ ሰው ለጥበብ ግድ የለውም እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይኸው አንድ ገበሬ ለማያውቀው ሰው ፎቶ ማማር ሲል እሾህ በእጁ ነቅሎ አጥሩን አፈገፈገ! ቤት ገብቼ ለበላይነሽ ስነግራት ወጡን ማማሰሏን አቆመች።

«ላንተ ፎቶ ብሎ?»

«ለኔ ፎቶ ብሎ።»

«እኔ ይህን ቁም ሳጥን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርግልኝ ካልሁህ ስንት ፋሲካ አለፈ?»

ጥበብና ቁም ሳጥን አይገናኙም ብዬ ላስረዳት ሞከርሁ። አልተሳካልኝም።

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ የጥበብ ፍቅር እየባሰበት ሄደ። ስሜን ሳይጠይቁ «ባለሙያው» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም ተቀበልሁት፤ ማን ይጠላል? ካሜራዬን ያዞርሁበት ወገን ሁሉ ይደነግጣል። አንዱ ጎልማሳ እየሮጠ መጥቶ «ባለሙያው፣ የኔ አጥር ይነካል?» አለኝ። በካሜራው አይቼ «ትንሽ ጥግዋ ትገባለች፤ ግን ይህን ያህል አይከፋም» አልሁት፤ የፎቶዬን ጥግ ማለቴ ነው። «አይ፣ እናንተ ከምትነኩት ራሴ ላንሣው» ብሎ ሄደ። ሌላው ደግሞ ባዶ የነበረ ማሳው መሐል በአንድ ሳምንት ጎጆ አቁሞ ጠበቀኝ፤ በር የላትም፣ መስኮት የላትም፤ አዲስ ሳር ለብሳ ቆማለች። «ትታያለች አይደል? ትመዝገብልኝ» አለኝ። የፎቶዬ ቅንብር መሐሉ ላይ ባዶ መሆኑን እሱም ተገንዝቦታል ማለት ነው ብዬ አደነቅሁ። ማሩ፣ እርጎው፣ ጠላው አይነሣ። ለሠዓሊና ለፎቶ አንሺ እንዲህ የሚሆን አገር በዓለም ላይ የለም ብዬ ለጓደኞቼ ተናገርሁ። ጓደኞቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ነገሩን የገለጠችልኝ ወይዘሮ የሺ ናት። መንገዱ ሽቅብ ከሚጀምርበት፣ ከጉብታው ሥር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ እርጎ በዋንጫ ይዛ መጥታ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ጠብቃ፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል?»

«ምኑ?»

«መንገዱ ነዋ!»

«የትኛው መንገድ?»

ሳቀች። «ምነው ሸዋ! እርስዎ የሚለኩትን ነዋ! አስፋልት ይሁን ጠጠር አልጠየቅሁዎ። መኪና ያስገባል ወይ ነው የምለው።»

ባለ ሦስት እግሩን አየሁ። ቢጫውን ፕላስተር አየሁ። ሰደርያዬን አየሁ፤ ያበራል። ዱላ ይዘው የቆሙት አያ ታረቀኝ፣ የተከልኋቸው ድንጋዮች፣ ለካሣ የቆመችው በር የሌላት ጎጆ፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡብኝ። እናንተ አንባቢዎች ቀድማችሁ እንዳወቃችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ማሩን እየበላሁ ነበር።

ወይዘሮ የሺ ቀጠለች። ልጇ ስንዱ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ «መኪና እናንተ ጋ አይገባምና ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትግባ» ብላ መክራ ነበር። ወይዘሮ የሺ ግን የለኪውን መምጣት ስትሰማ ሐሳቧን ለወጠች። «መኪና ደጄ ድረስ ሊመጣ፣ ልጄን ከሰው ቤት ምን አስተኛት?» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። ባለፈው ክረምት የጎረቤት ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወጧት፣ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ ተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን መሄድ አቅቷቸው፣ በእሾህ እየተቧጨሩ አንድ በአንድ ሲሹለኩ ረፍዷል። «እሷ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕፃኑ አልተረፈም።»

ባዶውን ዋንጫ መሬት አስቀመጥሁ።

«ወይዘሮ የሺ፣ እኔ የመንገድ ሰው አይደለሁም። ይህ ካሜራ ነው። ፎቶ ነው የማነሣው።»

«ለማን?»

«ለማንም። ለደስታዬ።»

«ለደስታዎ? ጎሕ ሳይቀድ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው፣ በርበሬ ሊያዩ?» አየችኝ፤ ከዚያም ዓይኗን ጠቀሰች። «ገባኝ፣ ገባኝ። የመንግሥት ሥራ ምስጢር አለው። አልናገርም።»

አያችሁልኝ? የእኛ ሰው መንገድ ይመጣል ብትሉት ይጠራጠራችኋል፤ አይመጣም ብላችሁ ስትምሉለት ግን በርግጥ ሊመጣ ነው ብሎ ያምናል። ልምድ አስተምሮታል።

ቤት ገብቼ ለበላይነሽ ሁሉን ነገርኋት። ብናገር አጥሮቹ በነጋታው ወደ መንገዱ ይመለሳሉ። ዝም ብል ስንዱ የሌለ መንገድ ስትጠብቅ ምጥ ይይዛታል። በላይነሽ «ነገ ሰንበት ነው፤ ሂድና ተናገር። ቢደበድቡህም ሰደርያህ ያበራልና ፈልጌ አገኝሃለሁ» አለችኝ። ሴትዮዋ የምታጽናናው በዚህ ዓይነት ነው።

ሄድሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሰንበቴ ቤት ዳቦና ጠላ ይዞ ተቀምጧል። ሰንበቴውን የሚመሩት አባ ውበቱ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ፣ «ባለሙያው ቃል አለኝ ብሏል» ብለው ሰውን ዝም አሰኙልኝ። ተናገርሁ። ላለማመን ስለተዘጋጁ ካሜራውን ከፍቼ ምስሎቹን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍሁላቸው። ልኬት ፈለጉ፣ ቁጥር ፈለጉ፤ ያገኙት ጉም፣ በርበሬ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትና አንድ ሲያዛጋ የተነሣ ውሻ ነው።

«እና መንገዱስ?» አሉ አያ ታረቀኝ።

«መንገድ የለም።»

«አጥሬስ?»

«አጥርዎ … በጣም አምሮበታል።»

«ጎጆዬስ?» አለ የማሳው ባለቤት ከጥግ።

«አንተ ዝም በል፣ አንተስ በግ እሰርባት!» አለው አንድ ሰው፤ ጥቂቶች ሳቁ። አያ ታረቀኝ አልሳቁም። ጠላቸውን ጨልጠው ተነሡ።

«በሉ እንግዲህ፣ ጌታው ፎቷቸውን ያንሡ፤ እኔ ከሰዓት በኋላ እሾሄን ወደ ቦታው እመልሳለሁ።»

«እኔም!» «እኔስ ብሆን!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። መቼም እንዲህ ዓይነት አንድነት ያየሁት በዚያ ቀን ነው።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ የሺ ብድግ አለች። እኔን አላየችኝም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ድረስ ያን ጊዜ ስላላየችኝ አመሰግናታለሁ።

«አያ ታረቀኝ፣ ወደ ቦታው ነው ያሉት?»

«አዎን፣ ወደ ቦታው።»

«ቦታው የትኛው ነው? እኔ ለዚህ መንደር ሙሽራ ሁኜ በዚህ መንገድ ስገባ፣ የኔ በቅሎና የሚዜዬ በቅሎ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት። ያባትዎ አጥር ከዚያ ዋንዛ ወዲያ ነበር። ዋንዛው ዛሬ የት ነው? ጓሮዎ ውስጥ! ዛፍ ነው የተራመደው ወይስ አጥር?»

ሳቅ መጣና ወዲያው ተዋጠ። አያ ታረቀኝ ጢማቸውን ያዙ።

«እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ ያጠበብሁት? ሰው ሁሉ ሲገፋ እኔስ ምን ላድርግ? ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው ነገሩ!»

«አብረን ከዘረፍነውማ አብረን እንመልሰው! አያ ታረቀኝ፣ ስንዱን እርስዎ አይደሉ በእቅፍዎ ያሳደጓት? በዚያ ስንጥቅ በቃሬዛ ስትወጣ ከፊት የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። እሾሁም የራስዎ ነው።»

የሁሉም ሰው ዓይን መሬት ወረደ። አፈሩ እንዲያ ተተኩሮ ታይቶ አያውቅም። ያች ቅጽበት በዚህም በዚያም ልትወድቅ ትችል ነበር። አባ ውበቱ ጭራቸውን አንዴ አወናጨፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለሙያው፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ መንገዱ አሁን እንዳለ ተነሥቷል?»

«ተነሥቷል አባ።»

«ሰዎቹ የሉበትማ!»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መንገዱን የሰጡት ሰዎች ናቸዋ። መንገድ ሰጥቶ ከፎቶ መቅረት ደግ ነው? እያንዳንዱ ከአጥሩ ፊት ቆሞ አብሮ ቢነሣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚመልስ ሰው ካለ ግን አይቁም፤ ፎቶ ላይ ባዶ ቦታውን እያየን እናስታውሰዋለን።»

አያ ታረቀኝ «የሰጡት» የምትለዋን ቃል በአፋቸው ውስጥ ሲያገላብጧት አየኋቸው። ከገፊነት ወደ ሰጪነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተሻገረ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ልነግራችሁ አልችልም። መምህሬ ብርሃኑን አንሡ ያለው ይህን ከሆነ ያን ጊዜ አመለጠኝ።

«እኔ ከፊት ነኝ የምቆመው» አሉ። «የኔ አጥር ነው መጀመሪያ ያለው።» ከዚያም ጋቢ ለመቀየር ወደ ቤታቸው ሮጡ።

እውነቱን ለመናገር ያ ፎቶ ከሥራዎቼ ሁሉ የከፋው ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ መምህሬ በዚያ ሰዓት ካሜራ መክፈትን ከነፍስ ግድያ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያየው። ሁሉም በየአጥሩ ፊት እንደ ምሰሶ ተገትሯል፤ ማንም አልሳቀም፤ የባርኔጣው ጥላ ግማሹን ሰው ዓይን አልባ አድርጎታል። ጎጆ የሠራው ሰው ጎጆው በስተኋላው እንድትታይለት ሲጠጋ አንገቱ ተጣሟል። አያ ታረቀኝ ከመግዘፋቸው የተነሣ መንገዱን ሊሸፍኑት ምንም አልቀራቸው። አሳጥቤ፣ ትልቅ አድርጌ፣ በመስተዋት ከትቼ ሰጠኋቸውና ሰንበቴ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ አያ ታረቀኝ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት «ያ ከፊት ያለው እኔ ነኝ፤ መንገዱን የሰጠነው እኛ ነን» ይላሉ። እንዲህ ካሉ በኋላ ማን አጥር ይገፋል? በሳምንቱ ደቦ ወጥተው የተቦረቦረውን በድንጋይ ሞሉት፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወሩት እሳቸው ናቸው፣ ካሜራው ወደ እሳቸው ዘወር ሲል ጠብቀው። እኔ በዕድሜዬ መንገድ ሠርቶ ፎቶ የተነሣ አይቻለሁ፤ ሳይሠራ የተነሣም አይቻለሁ። ፎቶ ስለተነሣ ብቻ መንገድ ሲሠራ ግን ያየሁት እዚያ ነው።

ለኅዳር ሚካኤል ጥቂት ሲቀረው፣ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባ ሞተር ይንተፋተፋል።

«ባለሙያው! ገባ!» ወይዘሮ የሺ ናት።

«ማን?»

«ባጃጁ ነዋ! ደጄ ቆሟል! ስንዱን ይዤ እየወጣሁ ነው። አያ ታረቀኝ ከፊት ከፊት እየሮጡ ከብት ያባርሩልናል፤ አንተ ሹፌር፣ ቀስ በል! ጡሩምባውን ተወው፣ በግ አስደነገጥህ!»

ስንዱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና ናቸው። እኔም ካሜራዬን ይዤ ከች አልሁ፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን፣ የእናትየዋ ፊት፣ የሕፃንዋ ጡጫ፣ ሁሉም ነገር መምህሬ እንዳለው ነበር። ካሜራውን ገና ስከፍት ወይዘሮ የሺ ነጠላዋን በሕፃንዋ ላይ ጣል አደረገችባት።

«ክርስትና ሳትነሣ? ኧረ እግዚኦ! ዓይንዎን ለበርበሬው ያድርጉት!»

ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ያ ያላነሣሁት ይበልጣል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከወዲያኛው ጉብታ፣ ከሌላው መንደር። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ አንዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመንገድ ሰው ነዎት ብለን የመጣን እንዳይመስልዎ። እንዳልሆኑ ሰምተናል፤ ፎቶ አንሺ ነዎት፣ ያውም ለደስታዎ። እሱን አውቀናል።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

ተያዩ። መሐል ያሉት ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኛ ሰምተናል። ሰዎቻችን ግን ገና አልሰሙም። ወሬው ሳይደርስ ይድረሱልን።»

እኔ መዋሸት እንደማልችል፣ ጥበብም የራሷ ክብር እንዳላት፣ ነገሩ ከኅሊናዬ ጋር እንደማይገጥም በሰፊው ላስረዳቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

በላይነሽ ግን ከጓዳ ሆና «ቅዳሜ ይመቸዋል» አለች።